በዓይኑ የሚሰማ ሰው

ወንድሜን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጆሮ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ሠርግ ለሠርግ አብረውት ሲዞሩ የነበሩ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ላይ እየተጫወቱ የማን ጊታር ክሩ እንደላላ ጀርባውን ሰጥቶ ይናገር ስለነበር። እኔ ግን ከእነሱ ቀድሜ ነው ያወቅሁት። እናታችን ስትሞት ትምህርቴን አቋርጬ ስፌት ስጀምር እሱ ገና ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበር። ከስፌት መኪናዬ ስር ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲደረድር ይቆይና ድንገት ቀና ብሎ «እትዬ፣ መርፌሽ ደንዛለች» ይለኛል።

«አንተ ደግሞ በምን አወቅህ?»

«ቅድም ጨርቁን ትወጋው ነበር፤ አሁን ትገፋዋለች።»

ነቅዬ ሳያት እውነቱን ነው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። መንገዱን በሚያየው ክፍል እኔ እሰፋለሁ፤ የኋላው የእሱ ነው። ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ለብጦታል፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍኖታል። አንድ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስፒከር፣ ማይክና ክንድ የማታክል ኪቦርድ አለችው። ስቱዲዮ የሚባለው ይኸው ነው። ወንድሜ የዘፈን አቀናባሪ ነው። ዘፋኝ ዜማዋን በአፏ ይዛ ትመጣለች፣ እሱ ከበሮውን፣ ጊታሩን፣ ቫዮሊኑን ሁሉ አልብሶ ይሰዳታል።

የሙዚቃ መሥሪያውን ፕሮግራም መጀመሪያ ያስገባ ቀን ጠርቶ አሳይቶኛል። «እትዬ፣ ባንዱ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው» አለኝ። አንዷን ቁልፍ ሲነካ ቫዮሊን፣ ሌላዋን ሲነካ ድራም፣ የሚነፋው ሰው ሳይኖር ሳክስፎን።

«ታዲያ እነዚህ ምን ይበላሉ?» አልኩት።

«አይበሉ፣ አይጠጡ፣ አያረፍዱ። ሰክረውም አይወድቁብኝ።»

«እንግዲያው ካንተ ይሻላሉ።»

ያኔ እንስቅ ነበር። ከመሣሪያዎቹ ሌላ ኢፌክት የሚላቸው ነገሮች አሉ። አንዱ ድምፁን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል፣ አንዱ ወፍራሙን ይቀንሳል፣ አንዱ ቀጭኑን ያወጣል። ለእኔ በልብስ ነው የገባኝ፤ መሣሪያው ጨርቁ ነው፣ ኢፌክቱ ካውያው። ጨርቁ ጥሩ ቢሆን እንኳ ካውያ የያዘው ሰው ካላወቀ ያቃጥለዋል።

ዘፋኝ ማይክ ፊት ስትቆም ከኋላ «ፀጥ!» ይለኛል፤ እኔ እግሬን ከፔዳሉ አነሳለሁ። ስንት ቀሚስ በመርፌው ስር ግማሽ ተሰፍቶ ቆሞ ዘፈን አልቆለታል። ስለዚህ ነገሩን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። እያንዳንዱ ዘፈን ሲወለድ እግሬን አንጠልጥዬ ጠብቄአለሁ።

ችግሩ የጀመረው መቼ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ወጣትነቱን ሙሉ ከሠርግ ስፒከር አጠገብ ቆሞ ነው ያሳለፈው። ከዚያ ሄድፎን መጣ። ሲያወልቀው ጆሮው የተቀቀለ ይመስል ነበር። «ቀንሰው እንጂ» ስለው፣ «ጮክ ካላለ ውስጡ አይታየኝም» ይለኝ ነበር። ማንቆርቆሪያው አጠገቡ እያፏጨ ይፈላል፣ አይነሳም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል፣ አያነሳም። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝ መስሎኝ ስንቴ ቆሽቴ አርሯል።

«አንተ! ምን ደፍኖህ ነው?»

«ሐሳብ ላይ ነበርኩ እኮ።»

ዓመቱን ሙሉ ሐሳብ ላይ ነበር።

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ እሱ ያቀናበረው ዘፈን ተከፈተ። እግሬን አንጠልጥዬ የጠበቅሁት ዘፈን ስለሆነ ወዲያው አወቅሁት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ፊቷን አጨማደደችና «ሾፌር፣ ኧረ ቀንስልን፤ እንደ መጋዝ እኮ ነው የሚሰነጥቀን» አለች። ከኋላ ደግሞ አንዱ፣ «ይሄን የሠራው ሰው ጠላት አለበት» ብሎ አውቶቡሱን አሳቀው። እኔ ዘንቢሌን አቅፌ በመስኮት ውጪ ውጪውን አየሁ። ቤት ገብቼ ስነግረው፣ «የአውቶቡስ ስፒከር ምኑ ይታመናል» አለ። ቀጥሎ የገዛ ስፒከሩን ጠረጠረና ለወጠ። ሄድፎኑን ለወጠ። በመጨረሻ የሰዉ ስልክ ነው ጥፋተኛው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጭኑ ድምፅ፣ የድራሙ የነሐስ ሳህን፣ ዘፋኟ «ስ» ስትል የምታወጣው ነፋስ፣ ይህ ሁሉ ለእሱ አነሰበት። ሲያንስበት ይጨምራል። ሲጨምር ለእሱ ልክ ይሆናል፣ ለሌላው ሰው ምላጭ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱም ሁሉም ሰው ሲሸሸው ለእሱ ብቻ ሳይነግረው ቆየ።

በጎ ያልሆነ ነገር እንዳለ ሲገባው በዓይኑ መሥራት ጀመረ። ፕሮግራሙ ድምፁን በስዕል ያሳያል፤ በግራ በኩል ወፍራሙ፣ በቀኝ በኩል ቀጭኑ፣ መሀሉ እንደ ተራራ ከፍ ዝቅ ይላል። የሌላ ሰው ዘፈን ይከፍትና የተራራውን ቅርጽ ያያል፤ ከዚያ የራሱን ያንኑ እስኪመስል ድረስ ይስባል፣ ይጎትታል። ግን የአንዷ ልጅ ድምፅ ተራራ ለሌላዋ አይሆንም፤ የአንዷን የደረት ልክ ይዘህ ለሌላዋ እንደመስፋት ነው። ያንን ሲያውቅ እኔን መጥራት አመጣ።

«እትዬ፣ ነይማ እስቲ። ይቆርጣል?»

«ትንሽ ይቆርጣል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ትራስ ውስጥ ገባ።»

«አሁን?»

«ምን አውቅልሃለሁ? ደህና ነው።»

ከመርፌ ወደ ስፒከር፣ ከስፒከር ወደ መርፌ ስመላለስ የሰው ልብስ ይዘገይ ነበር። እሱ ጆሮው እንዴት እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ተያየን።

ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ሄዱ። የቀረችለት አንዲት ዘፋኝ ነበረች፤ አብራው የጀመረች፣ ደግ፣ ሳቋ ከድምፅዋ የሚበልጥ ሴት። አዲሱን አልበሟን በሙሉ ለእሱ ሰጠችው። ይህ ሥራ ካማረ ስሙ ይታጠባል፤ ከተበላሸ ደግሞ ያንን በር የሚያንኳኳ ሰው የለም። እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ እሷም ሳታውቅ አትቀርም።

የመጨረሻውን ልትሰማ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ከእሷ ጋር የድሮው የሠርግ ጓደኛው ጊታሪስቱ አለ፤ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። እኔንም «እትዬ፣ ነይ አንቺም ስሚልን፣ ሕዝቡ አንቺ ነሽ» ብለው ጠሩኝ። መርፌ ደረቴ ላይ እንደሰካሁ በሩ ላይ ቆምኩ።

ዘፈኑ ተከፈተ። ዘፋኟ አገጯን ይዛ አዳመጠችና «ጥሩ ነው፣ ግን ድምፄ ትንሽ ጨለመብኝ» አለች።

ወንድሜ አንዱን ኢፌክት ከፈተና ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ቁልፍ በማውዙ ማዞር ጀመረ። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አልነበረም፤ የሷን ፊት ነበር የሚያየው።

«ጨምር» አለች። «ትንሽ ጨምር። እ... እ... እዚያው ጋ! አሁን በራ!»

ጊታሪስቱ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው፣ መስኮት የተከፈተ ነው የመሰለኝ።»

እኔም እውነት ለመናገር የበራ መሰለኝ። ወንድሜ ትንፋሹን ለቀቀ። እንዲያ ትከሻው ሲወርድ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

ጊታሪስቱ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «አንተ ጆሮ፣ ይሄ ነገር እኮ ጠፍቷል።»

እውነትም ጠፍቶ ነበር። ኢፌክቱ ጎኑ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ከጠፋ ቁልፉን እስከ ነገ ቢያዞሩት ድምፁ ያው ነው። ሳቁ ቤቱን ሞላው።

«አንቺ! ያልበራውን በራ አልሽ እኮ!»

«ዝም በል፣ አንተስ ራስህን አልነቀነቅህም?»

«እኔ የነቀነቅሁት አንቺን አይቼ ነው። መስኮቱንም የከፈትሽልኝ አንቺ ነሽ!» ከዚያ የወንድሜን ትከሻ መታ አደረገ። «አይዞህ፣ ይሄ ያልደረሰበት አቀናባሪ የለም። እኔ ራሴ አንዴ የጠፋ ቁልፍ ሳሽከረክር ውዬ ‹አቤት ሲጣፍጥ› ብያለሁ።»

ሰው የጠበቀውን ይሰማል፤ ለእነሱ ቀልድ ነው። ወንድሜ ግን አልሳቀም። እነሱ ያልነበረውን ሰምተው ነው የሳቁት፤ እሱ ግን ከመጀመሪያውም የሰማው ነገር አልነበረም። ማብሪያውን ተጫነና ቁልፉን እስከ መጨረሻው ገፋው።

ያ ድምፅ ጥርሴ ሥር ገባ። ዘፋኟ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ዘወር አለች። ጊታሪስቱ «ኧረ በፈጠረህ አጥፋው!» እያለ ወደ በሩ ሸሸ። ወንድሜ እጁ ማውዙ ላይ እንዳለ ፊታችንን አንድ በአንድ አየ።

«አሁን በርቷል?» አለ።

ጊታሪስቱ ራሱ ተመልሶ አጠፋው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ክፍል ቀልድ አልተሰማም። ዘፋኟ ሻርፗን ስታስር ቆየችና ቀስ ብላ፣ «የኔ ወንድም፣ ሐኪም ሂድ» አለችው። አልሰማትም። ጮክ ብላ ደገመችለት፤ ስትደግመው አለቀሰች። ሥራዋን በፍላሽ ገልብጦ ሲሰጣት፣ «ላስብበት ነው እንጂ ወስጄ መቅረቴ አይደለም» አለች። እንዲህ የሚባለው መቼ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ። መስታወት ባለው ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ሄድፎን አጠለቁለትና ቁልፍ አስያዙት፤ ድምፅ ሲሰማ እንዲጫን ነው። እኔ ከመርማሪዋ ጎን ውጭ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድምሽ ሥራው ምንድን ነው?»

«ሙዚቃ።»

«እኔም ብያለሁ! ምት ይዞ ነው የሚጫነው። አንዱን ዘልዬ ምንም ያልለቀቅሁበት ቦታ ላይ ሳይቀር ይጫናል፣ ግን ልክ በሰዓቱ።»

ሳታውቀው ድምፁን እኩል እኩል እያራራቀች ነበር የምትለቅለት፤ እሱ የመጀመሪያዎቹን ወፍራም ድምፆች ሰምቶ ልኩን ያዘ፣ ቀጭኖቹ ሲመጡም በዚያው ልክ ቀጠለ። ፈተና የሚኮርጅ ተማሪ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ እሷ ማዛነፍ ጀመረች። አንዴ ታዘገያለች፣ አንዴ ታፈጥናለች፣ አንዴ ጭራሽ ትተወዋለች። በመስታወቱ አየሁት። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተነስታ መቼ እንደምትወርድ ጠፍቷት ቆማለች። ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ።

ሐኪሙ ውጤቱን በወረቀት አሳየው። መስመሩ ከግራ ደህና ይመጣና ወደ ቀኝ ሲደርስ ገደል ይገባል። «ጆሮ ውስጥ እንደ ፀጉር ያሉ ረቂቅ ነገሮች አሉ፤ በጩኸት ብዛት ተጎድተዋል፤ አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም» አለው። የሰው ንግግር የሚያጎላ መሣሪያ አለ፣ ለሙዚቃ ግን ብዙ አይረዳም። «ከእንግዲህ ያለህ የቀረህ ነው። የቀረህን ደግሞ ጩኸት ይበላዋል። ጠብቀው።»

ወንድሜ ወረቀቱን አልለቅ አለ። ከበሩ ስንወጣ፣ «እትዬ፣ ይህችን ገደል አውቃታለሁ» አለኝ። «ስጨምር የኖርኩት ይህችኑ የጎደለችኝን ነው። ጉድጓዱ እኔ ውስጥ ሆኖ አፈሩን ሰዉ ላይ ስደፋ ኖርኩ።»

«ና መንገዱን ተሻገር» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሳምንታት እንዲያ አለፉ። ኮምፒውተሩ አቧራ ጠጣ። «ፀጥ» የሚለኝ ሰው ስለሌለ እንደ ልቤ እሰፋ ነበር፤ ግን እግሬ በራሱ እየቆመ አስቸገረኝ። ምግብ አቀርባለሁ፣ ሳይነካው አነሳለሁ። ስናገረው አፌን ያያል። አንድ ቀን «ብሞት ግን ምን ይጎድላል?» አለኝ፤ የተቀደደ ካልሲ እንደሚጣል ዓይነት አነጋገር ነበር። መቀሱን ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሬ እየቆለፍኩ አድራለሁ።

አንድ ጠዋት ሳይታሰብ ተነሳ። የሐኪሙን ወረቀት ስክሪኑ ጎን ለጠፈና ኢፌክቱን ከፍቶ የዚያችን ገደል ግልባጭ ሳለ። ወረቀቱ ላይ በወረደችበት ልክ እሱ ሽቅብ አወጣት። ሄድፎኑን አጠለቀ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

«እትዬ! ሳህኑ! የድራሙ ሳህን መጣ! ልጅቷ ስትተነፍስ ሁሉ እየሰማሁ ነው!»

ደንቆሮ የሰማ ለት ያብዳል ይላሉ። የድሮ ሥራዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ እንባው በአገጩ ወረደ። ከዚያ የቅርቦቹን ከፈተ፤ ፊቱ ከሰል መሰለ። «ይሄን ነው ለሰው የሰጠሁት? ዝም ብለሽ አየሽኝ?» ያ ሽቅብ የሳለው መስመር የጎደለውን የሚሞላው ሄድፎኑ ውስጥ ለእሱ ብቻ ነው፤ ወደ ዘፈኑ አይገባም። ስለዚህ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው እንደሚሰማው ሰማ። የዘፋኟን አልበም ከስር ጀምሮ አስተካከለና ላከላት።

እሷም ከጊታሪስቱ ጋር መጣች። «ምን ነካህ? እንደ ድሮህ እኮ ሆንክ!» እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሌሎችም ሰምተው መጡ። በሩ እንደገና ተንኳኳ። ሰው ቢያይ ደስታ ነው የሚለው።

እኔ ግን ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም። ያ ሽቅብ የወጣው መስመር እኮ ጩኸት ነው። የሞተው እንዲሰማ ያልሞተውን መደብደብ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ለምኜው ድጋሚ ምርመራ ሄድን። አዲሱ ወረቀት ላይ ገደሉ ወደ ግራ ተጠግቷል፤ ያልተነካው ሁሉ መበላት ጀምሯል። ሐኪሙ «ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ወንድሜ አዲሱን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ቤት ስንገባ መጀመሪያ ያደረገው የድሮውን አንስቶ አዲሱን መለጠፍና መስመሩን ሌላ ከፍታ መጨመር ነው።

እጁን ያዝኩት። ፊቱን ወደ እኔ አዙሬ፣ አፌን እያሳየሁ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ተወው። ይቅርብህ። የቀረችህን አስቀምጣት።»

«ለምን ላስቀምጣት?»

«ለጆሮህ ነዋ!»

«እትዬ፣ ጆሮዬን ቆጥቤ ምን ላዳምጥበት ነው?»

«ሰው ሲያናግርህ።»

«ሰው የሚያናግረኝ ስለ ዘፈን ነው።»

«እኔስ?» አላልኩትም። ምን ብዬ? ምሳ ቀርቧል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ የመብራት ሰው መጥቶ ነበር፤ የእኔ ወሬ ይኸው ነው። ለዚህ ብሎ ጆሮውን ያስቀምጥ ብዬ ልፍረድበት?

ሄድፎኑን አጠለቀ። እኔ ወደ ፊተኛው ክፍል ተመለስኩ። የኋላው ክፍል መብራት የሚቆጠረው በእኔ በኩል ባለው ቆጣሪ ነው፤ ማጥፊያው ከራሴ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። በሩ ተዘግቶ እንኳ ከሄድፎኑ የሚያመልጠው ፉጨት ይሰማኝ ነበር፤ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ሁሉ ለየሁት። ወንበር ላይ ወጣሁ። እጄን ማጥፊያው ላይ አደረግሁ። ብጫነው ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ እሱ ይመጣል፣ ይጮኽብኛል፣ ከዚያ ወደ አልጋው ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የዚያን ጊዜውን ጀርባውን አስታወስኩ።

አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ ገባችና ወንበር ላይ እንደቆምኩ አየችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው? ደግሞስ የሚያፏጨው ምንድን ነው?»

«ወንድሜ ነው፣ ሥራ ላይ ነው» አልኳትና ወርጄ ወገቧን ለካሁ።